ፕሬዚዳንቱ «አልቀበልም» ካሉ በኋላ፦ የረቂቅ ሕጉን ዕጣ በወረቀትና በእርሳስ መከታተል

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ አማርኛ ተናጋሪዎችን አስተምራለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ረቂቅ ሕግን ቬቶ የሚያደርገው ማን ነው?» ይላል። ቬቶ ማለት ኮንግረስ፣ ማለትም የአሜሪካ ሕግ አውጪ አካል፣ ያሳለፈውን ረቂቅ አልቀበልም ማለት ነው። መልሱ «ፕሬዚዳንቱ» ነው፤ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። አንድ ቀን ግን አንዲት እናት በትክክል ከመለሱ በኋላ «ታዲያ ልጄ፣ ሕጉ ሞተ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፈተናው ይህን አይጠይቅም። ለእኔ ግን ከመልሱ የሚበልጠው የእርሳቸው ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ በክፍል የማሳየው እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ይቁጠሩ። ረቂቁ ከደረሳቸው በኋላ ፕሬዚዳንቱ እሑድ የማይቆጠርበት 10 ቀን አላቸው። ከፈረሙ ሕግ ነው። ካልተቀበሉት ምክንያታቸውን ጽፈው ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች (ከተወካዮች ምክር ቤትና ከሴኔት) ረቂቁ ወደተነሳበት ይመልሱታል። ዝም ካሉስ? ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 10ሩ ቀን ሲያልፍ ረቂቁ ያለ ፊርማ ሕግ ይሆናል። ዝምታቸው እምቢታ የሚሆነው ኮንግረስ ተበትኖ ረቂቁን መመለስ ሳይቻል ሲቀር ብቻ ነው። ይህ «የኪስ ቬቶ» ይባላል፤ ኮንግረስ ሊሽረው ስለማይችል ደጋፊዎቹ ከሀ ጀምረው አዲስ ረቂቅ ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

አንዱን አንቀጽ ሰርዞ ሌላውን ማጽደቅም አይቻልም። በ1996 የወጣ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ እንዲህ ያለ ሥልጣን በበጀት ጉዳይ ሰጥቶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሻረው።

አሁን እርሳሱን ያንሱ። ቬቶን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ዜና ላይ 290 እና 67 የሚሉ ቁጥሮችን ይሰማሉ፤ የተወካዮች ምክር ቤት 435፣ ሴኔቱ 100 መቀመጫ ስላላቸው ነው። ቁጥሮቹ የሚሠሩት ግን ሁሉም አባል ተገኝቶ ድምፅ ከሰጠ ነው። ሂሳቡ የሚሰላው ምልዓተ ጉባኤ (ሥራ ለመሥራት መገኘት ያለበት ዝቅተኛው የአባላት ቁጥር) እስከተሟላ ድረስ ድምፅ ከሰጡት ላይ ነው እንጂ ከመቀመጫው ብዛት ላይ አይደለም።

ለምሳሌ የምወስደው የ1972ቱን የንጹሕ ውኃ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወጪው በዝቷል ብለው መለሱት። ረቂቁ የተነሳው ከሴኔት ስለነበር ሴኔቱ ቀድሞ ድምፅ ሰጠ፦ 52 ለመሻር፣ 12 በተቃውሞ። 67 ሞላ? አልሞላም። ነገር ግን 52 እና 12 ሲደመሩ 64 ናቸው፤ ምልዓተ ጉባኤው 51 ስለሆነ ተሟልቷል። የ64 ሁለት ሦስተኛ 43 ያህል ነው፤ 52 ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው።

ሴኔቱ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር፤ ሁለተኛው ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው የመጀመሪያው ካለፈ ብቻ ነው። ቬቶ የተደረገ ረቂቅ ሲመለስ ወዲያው ድምፅ ላይሰጥበትም ይችላል፤ ወደ ኮሚቴ ተመርቶ እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከቬቶው በኋላ ጸጥታ ቢሰፍን ቬቶው ተሽሯል ወይም የመሻር ሙከራው ወድቋል ብለው አይደምድሙ።

መሻር በእርግጥ ብርቅ ነው። ኮንግረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካለት በ1845፣ በፕሬዚዳንት ታይለር ላይ ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት የኪስ ቬቶን ጨምሮ 635 ጊዜ እምቢ ብለው የተሻረባቸው 9 ብቻ ነው። ብርቅ ስለሆነ ግን ከንቱ ነው የሚሉኝን አልቀበልም፤ ቬቶው ተሽሮ ከጸደቁት ጥቂት ሕጎች አንዱ፣ የ1972ቱ፣ የወንዞችና የሐይቆች መጠበቂያ ሆኗል።

እኔ አጥብቄ የምይዘው የመጨረሻውን ነገር ነው። በሌላ ጊዜ አባላት በጅምላ «እሺ» ብለው ሊያሳልፉ ይችላሉ። ቬቶ ለመሻር ሲሆን ግን የእያንዳንዱ ድምፅ ከነስሙ እንዲመዘገብ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያዛል። ስለዚህ የአካባቢዎን ተወካይ ስም ይፈልጉ። ረቂቁ መጀመሪያ ሲጸድቅ ምን ብሎ ነበር? ከቬቶው በኋላስ? ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የተለያዩ ከሆኑ ለተወካዩ ቢሮ ደውለው ምክንያቱን ይጠይቁ።

የ1972ቱን ሕግ የተወካዮች ምክር ቤት ሂሳብ ለእኚያ እናት ተውኩላቸው፦ 247 ለ23። መነጽራቸውን አድርገው ደመሩ፤ 270። ለሦስት ከፈሉ፤ 90። እጥፍ አደረጉ፤ 180። ከ247 ሥር ሁለት ጊዜ አሠመሩና ቀና ብለው «ሕጉስ አልሞተም፤ ሃያ ሦስቱ እነማን ናቸው?» አሉ።