የጠብታ መስኖ ለምትገጥሙ
ጎንደሮች በረንዳ ላይ በባልዲ ምናምን ቃሪያና ጤናዳም የተከላችሁ፣ ድሪፐሯ (ቱቦው ላይ ያለችው ውሃ የምታንጠባጥበዋ ትንሽ ዕቃ) ላይ «በሰዓት 4 ሊትር» የሚለውን ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ እሱ ወደ 1 ባር ግፊት ሲኖር ነው፣ እንደኔ ከሮቶ በከፍታ ብቻ የምታወርዱ ከሆነ 1 ሜትር የሚሰጣችሁ 0.1 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ሃይላንድ ከስሯ አድርጉና 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ 1 ሊትር መሙላት ነበረባት፣ የኔ ግማሽ እንኳ አልደረሰችም ሃሃ፣ እና ውሃውን ረዘም አድርጌ ነው የምለቀው። ደሞ እኛ አዘዞ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ድፍርስ ነው፣ ማጣሪያ ካላስገባችሁ ቀዳዳዋ ድፍን ነው የምትለው። ነጭ ነገር ከያዘባት አቼቶ ውስጥ አሳድራችሁ እጠቧት፣ በመርፌ ግን እንዳትነካኩ፣ ይሰፋል።