ኪራይ ቤቱና ግድግዳው፦ በከተማ ዳር ሰፈር ወረዳውን ማሠራት

በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ባለቤቱ የማይኖርበት ቤት ሞልቷል። ዕጣ ወጣለት፣ ቁልፍ ተረከበ፣ ለደላላ ሰጥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ በኋላ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው፤ እሱም ስልኩን ይቀይራል። ቤቱ የተሰረቀ ዕቃ ማከማቻ ወይም ሺሻ ቤት ሆኖ ሲገኝ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተከራዩ ማን ይባላል?» ብሎ ነው። መልስ የሚሰጥ ከሌለ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል። ብዙ ጊዜ «ወረዳው ምንም አላደረገም» የሚባለው የሚይዘው ጫፍ ሳይኖረው ነው።

ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ቤት ይከራያል» ከሚለው ጽሑፍ ሥር በስፕሬይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር ቤትን ያለ መታወቂያና ያለ ውል የሚያዞረው ሰው ቁጥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አብረን እናያቸዋለን። የጻፍነው በተለይ ለጋራ ሕንፃ ኮሚቴዎች፣ ለብሎክ ተጠሪዎችና ከግቢያቸው ክፍል ለሚያከራዩ ነው።

የየትኛው ወረዳ ናችሁ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳር ላይ ግን አይደለም። በአንዳንድ ሰፈር መንገዱን ሲሻገሩ ከአዲስ አበባ ወጥተው ሸገር ከተማ ይገባሉ። ማመልከቻ ለተሳሳተ አስተዳደር ገብቶ ሳምንታት ከቆየ በኋላ «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል። የይዞታ ካርታችሁን ወይም የቤት ውላችሁን አውጥታችሁ ክፍለ ከተማውንና የወረዳውን ቁጥር እዚያ ላይ እዩ፤ በሰው ወሬ አትሂዱ። ከዚህ በታች ያለው አሠራርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመሮች የሚሠሩት አዲስ አበባ ውስጥ ላላችሁ ነው።

ውሉ መመዝገብ አለበት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው የሚካሄደው በወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው።

ስትሄዱ አከራይና ተከራይ አብራችሁ ሂዱ። የሁለታችሁን መታወቂያ ዋናውንና ኮፒውን፣ የቤቱን ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል፣ የኪራይ ውሉን በሦስት ቅጂ ያዙ፦ አንዱ ለአከራይ፣ አንዱ ለተከራይ፣ አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ። አከራዩን የሚወክል ሰው ካለ የውክልናው ዋናው ወረቀት ያስፈልጋል። ውሉ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ስም፣ የቆጣሪው ንባብ በዕለቱ፣ ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ እንደሆነና ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ማከራየት እንደማይቻል ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ውል ላይ ይዘነጋል። ችግር የሚያመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ተከራይ ሳይሆን እሱ «ለአንድ ወር» ብሎ ያስገባው ሰው ነው።

አከራዮች ምዝገባን የሚሸሹት ግብሩን ፈርተው እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሌላው ዘዴ ሁለት ዋጋ መያዝ ነው፦ በእጅ 18 ሺህ፣ ወረቀት ላይ 6 ሺህ። ተከራዩ መክፈል ሲያቆምና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ የ6 ሺህ ወረቀት ነው። ሳያስመዘግቡ መቅረትም በወር ኪራይ የሚሰላ ቅጣት አለው።

ተከራዩም ያጣራ

ዳር ሰፈር ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸመው ማጭበርበር አንድ ባዶ ቤት ለብዙ ሰው ማከራየት ነው። አታላዩ ቁልፍ አለው፤ ቤቱን ከፍቶ ያሳያል፤ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ብሎ ያጣድፋል፤ ቀብድ ተቀብሎ ይጠፋል። ቁልፍ መያዝ ባለቤትነትን አያሳይም። ቀድሞ የነበረ ተከራይም፣ ቤቱን ያደሰ ሠራተኛም ቁልፍ ሊኖረው ይችላል።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የሕንፃው ኮሚቴ ጋ ሄዳችሁ በዚያ ቁጥር የተመዘገበው ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቁ። ካርታው ወይም ውሉ ላይ ያለው ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስምና ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ስም አንድ መሆን አለባቸው። ሒሳቡ «የወንድሜ ነው» ከተባለ ቁሙ። በውክልና ከሆነ ደግሞ ውክልናው ማከራየትን በግልጽ መፍቀድ አለበት። ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ሥልጣኑ የተሻረ ሊሆን ስለሚችል ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ሄዶ በመዝገብ ቁጥሩ ማስጣራት ግማሽ ቀን አይበዛበትም።

በሩ ላይ

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። ኮሚቴው ዘበኛውን አንድ ነገር እንዲያስፈጽም ሲያዝ መደገፊያው ይህ ደንብ ነው፤ ደንቡ ላይ ያልተጻፈ ክልከላ ከተከራይ ጋር ጠብ ይሆናል እንጂ አይጸናም።

ሁለት ነገር በደንቡ ይግባ። አንደኛው፣ አዲስ ተከራይ ሲገባ ባለቤቱ የተመዘገበውን ውል ኮፒ ለኮሚቴው መስጠቱ ነው። ሁለተኛው የዕቃ መውጫ ወረቀት ነው። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አልጋ፣ ሻንጣ የጫነ አይሱዙ ወይም ባጃጅ ከግቢ የሚወጣው ባለቤቱ በስልክ ተጠይቆ ከተስማማ በኋላ፣ በኮሚቴው ማኅተም ብቻ ይሁን። ይህ አሠራር የሚፈርሰው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው፦ እሑድ ወይም ሌሊት ማኅተሙን የያዘው ሰው አይገኝም፤ ዘበኛው «ዛሬ ብቻ» ብሎ ያሳልፋል። መፍትሔው ማኅተሙን ማባዛት አይደለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የቤት ዕቃ አይወጣም ብሎ በደንቡ መጻፍና በር ላይ መለጠፍ ነው።

የዘበኛው መዝገብ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀንና ሰዓት፣ ታርጋ፣ የሚሄድበት ብሎክና ቤት፣ የዘበኛው ፊርማ። አሥር ዓምድ ያለው መዝገብ ከሦስት ቀን በኋላ ማንም አይሞላውም።

ቤቱ ላይ ጥርጣሬ ሲኖር

ድርጊቱ በመፈጸም ላይ ከሆነ፣ ማለትም ጩኸት ካለ፣ በር እየተሰበረ ከሆነ ወይም መሣሪያ ከታየ፣ 991 ደውሉ። የሰፈሩን ስም ብቻ ሳይሆን የሚታወቅ ምልክት፣ ብሎክና ወለል ንገሩ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ብሎክ 47» ፓትሮሉ ከመንገድ ሆኖ የሚያየው ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው በር ላይ ይጠብቃቸው።

ቀስ እያለ የሚቀጥል ነገር ከሆነ ግን የስልክ ጥሪ ብቻ አይበቃም። ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የታየው ነገር። «ሌቦች ናቸው» አትጻፉ፤ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ታርጋ የሌለው ሞተር ሁለት ጄሪካንና ጥቅል ገመድ አስገባ» ጻፉ። የመጀመሪያው ስም ማጥፋት ሆኖ ይመለስባችኋል፤ ሁለተኛው ፖሊስ ሊከተለው የሚችል ነገር ነው። ማስታወሻውን ለቀጠናው የኮሚኒቲ ፖሊስ ስጡ፤ ቅጂውን ለወረዳው ሰላምና ፀጥታ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ቤቱ ያለ ፈቃድ ንግድ የሚካሄድበት ከሆነ ደንብ ማስከበር በነፃ የስልክ መስመር 9995 ጥቆማ ይቀበላል።

ነዋሪው ተሰብስቦ ቤት መፈተሽ አይችልም። ኮሚቴም ቢሆን፣ ባለቤቱም ቢሆን። ፍተሻ የፖሊስ ሥራ ነው፤ እሱም በሕግ ሥርዓት። አከራዩ ተከራዩ ቤቱን ለወንጀል እንደተጠቀመበት ወይም ሰፈር እንዳወከ ካወቀ ውሉን ለማቋረጥ ምክንያት አለው፤ ይህ ግን ቁልፍ ለመቀየር፣ መብራት ለመቁረጥ ወይም ዕቃ ደጅ ለማውጣት ፈቃድ አይሰጠውም። እንደዚያ ያደረገ አከራይ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ክስ ይቀርብበትና ትናንት ከሳሽ የነበረው ዛሬ ተከሳሽ ይሆናል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ መድረሱን አስፈርሙ፤ አልወጣም ካለ ፍርድ ቤት ሂዱ።

ግድግዳው

ከማጥፋታችሁ በፊት አንብቡት። የብሔር ስድብ፣ በስም የተጻፈ ዛቻ ወይም ቤት ላይ የተደረገ ምልክት ከሆነ አትንኩት፤ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሡ፣ ፖሊስ አስጠሩ፣ ካዩት በኋላ በዚያው ቀን ይጥፋ። ሌላው፣ የልጆች ስም፣ የኳስ ቡድን፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ስልክ፣ ፎቶ ከተነሣ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቢነሣ ጥሩ ነው። አንድ ጽሑፍ የቆየበት ግድግዳ ሁለተኛውን ይጠራል። ጻፊው ከታወቀና ክስ ከተፈለገ፣ የንብረት ጉዳት በመደበኛው በተበዳዩ የግል አቤቱታ የሚታይ ወንጀል ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ ኮሚቴ ፎቶውን በስልኩ ይዞ ጊዜውን ያሳልፋል።

አሁን ወደ ሥራው። በጣም የተለመደው ስሕተት በፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ልስን ላይ ቲነር ማፍሰስ ነው። ቲነሩ ስፕሬዩን ብቻ ሳይሆን የሥሩንም ቀለም ያቀልጣል፤ የቀለጠው ቀይ ስፕሬይ ወደ ልስኑ ቀዳዳ ይገባና በአንድ ፊደል ፋንታ አንድ ክንድ የሚያህል ሮዝ ዳመና ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ስሕተት በቀጥታ ፕላስቲክ ቀለም መደረብ ነው። ማርከርና ቀይ ስፕሬይ በውሃ የሚበጠበጥን ቀለም አልፎ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይታያል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ጽሑፉን በ80 ወይም በ100 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠርዙ እስኪሟሽሽ ፈግፍጉት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፤ ይድረቅ። ከዚያ ጽሑፉ ያለበትን ቦታ ብቻ በዘይት በተሠራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) አንድ ጊዜ ቀቡና አሳድሩት። በማግስቱ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ጠብቃችሁ። የምትቀቡት በጽሑፉ ቅርጽ ሳይሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ወይም ከዓምድ እስከ ዓምድ ይሁን፤ አለዚያ ጥፍጥፉ ራሱ የተጻፈውን ቃል ያስነብባል። 3 በ2 ሜትር ለሆነ ግድግዳ፣ ማለትም 6 ካሬ፣ ለሁለቱ ዙር 2 ሊትር ያህል ፕላስቲክ ቀለም ያዙ፤ ሻካራ ልስን ከለስላሳው የበለጠ ይጠጣል። የቀለሙን ስም፣ ቁጥርና የተበጠበጠበትን መጠን በኮሚቴው ደብተር ጻፉ። ሁልጊዜ ሌላ ዓይነት ግራጫ የሚገዛ ኮሚቴ ግድግዳውን ዝንጉርጉር ያደርገዋል።

ያልተቀባ ቆርቆሮ አጥር ላይ ቲነር ይሠራል። ጨርቁን አርሱና ከጽሑፉ ጠርዝ ወደ መሐል ጥረጉ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ፋብሪካ የቀባው ቆርቆሮ ላይ ግን ቀለሙን ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ መቀባት ይሻላል። ጥቁር ድንጋይ አጥር ላይ ቲነር በሳጋቱራ ለውሳችሁ ለጥፉት፣ በላስቲክ ሸፍኑት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሽቦ ብሩሽ አንሡት። የከሰል ጽሑፍ በደረቅ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይለቃል። የተለጠፈ ወረቀት ሩብ ሰዓት በሳሙና ውሃ ከራሰ በኋላ በስፓቱላ ይነሣል፤ በደረቁ ከተላጠ ቀለሙን ይነቅላል። በቲነር ስትሠሩ ጓንት አድርጉ፣ ሲጋራና ከሰል ይራቅ፣ የቀረውን ቦይ ውስጥ አትድፉ።

ክረምት ላይ አትቸኩሉ። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ፊኛ ያወጣል። ማታ አንድ ክንድ ካሬ ላስቲክ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉ፤ ጠዋት ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ግድግዳው አልደረቀም። እስኪደርቅ ብለው በኖራ የሚሸፍኑ አሉ፤ ይቻላል፣ ግን ኖራው ሳይፋቅ ፕላስቲክ ቀለም ከተደረበበት አብሮ ይላጣል።

የኪራይ ማስታወቂያው እንዳይመለስ በዋናው በር ላይ መስታወት ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ስቀሉ። ማኅተም የተመታበት፣ የባለቤቱን ስምና የቤት ቁጥር የያዘ ማስታወቂያ እዚያ ይለጠፋል። ግድግዳ ላይ የተጻፈው ስልክ ላይ ደግሞ ደውሉና በሁለት ቀን ውስጥ መጥቶ እንዲያጠፋ ንገሩት፤ የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ካልመጣ ፎቶውንና ቁጥሩን አያይዛችሁ ለደንብ ማስከበር ስጡ።

ደብዳቤው

ለወረዳው የሚጻፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ቀን፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ የሆነው ነገር በቀን ቅደም ተከተል፣ የምትፈልጉት አንድ ነገር፣ የፎቶና የማስታወሻ ዝርዝር፣ የኮሚቴው ማኅተም። «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድልን» ብሎ መጨረስ መልስ አያመጣም፤ «ቤት ቁጥር እገሌ የኪራይ ውሉ መመዝገቡን አጣርታችሁ በጽሑፍ አሳውቁን» ብትሉ ሠራተኛው መዝገብ ከፍቶ ሊመልሰው የሚችል ነገር ሆነ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና በአንዱ ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ያስፍርላችሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ያንን ቅጂ አያይዛችሁ ለክፍለ ከተማው አቅርቡ። ቁጥር የሌለው ቅጂ ይዞ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው «ወረዳ ጨርስ» ነው።