የመጫወቻ እንፋሎት ሞተር የወርክሾፕ ዕቃዎችን መሰብሰብና ማደስ

በመጫወቻ የእንፋሎት ሞተር ኃይል፣ በቺንጋ እየተጎተቱ የሚሠሩት ጥቃቅን የወርክሾፕ ዕቃዎች፣ ማለትም መዶሻው፣ ትራፓኖው፣ ክብ መጋዙ፣ የመሳያ ድንጋዩና ኃይሉን ለሁሉም የሚያከፋፍለው ረጅም ዘንግ፣ ለጀማሪ ሰብሳቢ ከሞተሩ ይልቅ የተሻለ መነሻ ናቸው። ውሃው እየፈላ እንፋሎት የሚሆንበት ቦይለር ስለሌላቸው ግፊት የሚይዝ ክፍል መፈተሽ አያስፈልግም፤ ስህተት ቢፈጠርም የሚበላሸው ዕቃው ብቻ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት መሠረቱን ገልብጠው ማኅተሙን ይፈልጉ። በጀርመን የኑረምበርግ ከተማ የነበረው መጫወቻ አምራች ቢንግ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ድረስ «ጂ ቢ ኤን» (GBN) የሚሉትን ፊደላት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ «ቢ ደብልዩ» (BW) የሚሉትን ይጠቀም ስለነበር፣ ማኅተሙ ብቻውን የዕቃውን ዘመን በግምት ይነግርዎታል። እዚያው ኑረምበርግ እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተው ሌላው አምራች ዶል በናዚ ዘመን ከአይሁድ ባለቤቶቹ እጅ ወጥቶ በ1938 ወደ መጫወቻ አምራቹ ፍላይሽማን ተዛውሯል። በእንግሊዝኛ «ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው፤ ብሪታኒያ በ1887 ያወጣችው ሕግ የተሠራበትን አገር በዕቃው ላይ የመጻፍን ልማድ አስፋፍቶታል። በበርሚንግሃም በ1937 የተጀመረው ማሞድና ከ1950 ጀምሮ የእንፋሎት ሞተር የሚሠራው የሉደንሻይዱ ቪሌስኮ ቅርብ ጊዜ ስለሆኑ በቀላሉ ይገኛሉ፤ እኔም ለልምምድ በእነሱ መጀመርን እመክራለሁ።

ዕቃውን በእጅዎ ሲይዙ መጀመሪያ ዘንጉን በጣትዎ ያሽከርክሩ። አልዞር ብሎ መድረቁ አያስፈራም፤ የቆየ ዘይት እንደ ሙጫ ጠጥሮ ይሆናል። የሚያሳስበው ከዚንክ ውህድ የተቀረጸ ክፍል ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ማየት ነው፤ በቅይጡ ውስጥ የቀረ እርሳስ ብረቱን ከውስጥ ስለሚበላው መድኃኒት የለውም።

እድሳቱ ከእንቅስቃሴው ይጀምራል። በዘንጉ መቀመጫ ላይ ሁለት ጠብታ ነጭ ጋዝ አንጠባጥበው፣ ቀለሙን እንዳይነካ ትርፉን በጥጥ አድርቀው ያሳድሩት። በማግስቱም እንቢ ካለ ይድገሙት እንጂ በፒንሳ አያስገድዱት። መሠረቱን የያዙት የቆርቆሮ ምላሶች አንዴ ተቃንተው ዳግም ሲታጠፉ ስለሚሰበሩ፣ ሳይፈቱ መጽዳት የሚችለውን ሁሉ ሳይፈቱ ያጽዱ።

ቀለሙ ላይ ግን እጅን መሰብሰብ ይበልጣል። በአንድ ወቅት የገዛሁትን መዶሻ የቆርቆሮ መሠረት በአልኮል ስጠርገው፣ በላዩ የታተመው የጡብ ወለል ሥዕል ከጥጡ ጋር ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ዛሬም የአውራ ጣት ስፋት ያለው ባዶ ቆርቆሮ ይታይበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከሥር በኩል በማይታይ ጥግ ላይ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና የራሰ ጥጥ ይሞክሩ፤ ቀለም ከነካው ያቁሙ። ዝገት ላይ ከቀለሙ ርቀው በዘይት የራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠቀሙ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት፤ አቧራው ለልጆች ይልቁንም አደገኛ ነው። ዕቃውን እንደ አዲስ መቀባት በእኔ እምነት ዋጋውንም ታሪኩንም ይገፍፈዋል።

በመጨረሻ ቺንጋውን ይግጠሙ። ከሞላ ሽቦ ወይም ከጥጥ ገመድ የተሠራ ቺንጋ ይበቃል፤ በጣም ከተወጠረ ዘንጉን ይይዘዋል፣ ከላላ ይንሸራተታል። የሁለቱ ፑሊዎች ጎድጓዳ በአንድ መስመር መሆኑን ከላይ ሆነው አይተው ያረጋግጡ። የሞተሩ ፑሊ 20 ሚሊሜትር፣ የዘንጉ 60 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ዘንጉ በሦስት እጥፍ ዝግ ብሎ ስለሚዞር ትንሹ ሞተር ከባዱን መዶሻ ለማንሳት ይቀለዋል። መጀመሪያ አንድ ዕቃ ብቻ አያይዘው ያስነሱት፤ ሞተሩ ሳይደክም ከዞረ ሁለተኛውን ይጨምሩ።