ላንድስኬፒንግ ለምትሠሩ፦ የወርከርስ ኮምፕ ክፍያ እንዳይቆለልባችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ?

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሣር ማጨድ የጀመርኩት በአንድ ፒክአፕና በአንድ ማጨጃ ነው። ሠራተኛ ስቀጥር ወርከርስ ኮምፕ ማለትም የሠራተኛ ጉዳት መድን ገዛሁ፤ ወርሃዊውንም ሳላዛንፍ ከፈልኩ። ዓመቱ አልቆ ኦዲት ሲመጣ፣ ማለትም መድን ድርጅቱ የከፈልኩትን ደመወዝና የሥራውን ዓይነት ሲመረምር ግን ወደ 4,900 ዶላር ገደማ ጨምር ተባልኩ። ያን ያህል ያስከፈለኝ በየቀኑ ሳልመዝግብ የተውኩት ነገር ነው። ሥራውን ለምትጀምሩ ወገኖቼ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ብትሠሩ እኔ የገባሁበት ውስጥ አትገቡም።

መጀመሪያ፦ ግዴታ አለባችሁ ወይ?

ቨርጂኒያ ከሁለት በላይ ሠራተኛ ያለውን ሁሉ ታስገድዳለች። ሜሪላንድና ዲሲ በአንድ ሠራተኛ ይጀምራሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣው የአክስታችሁ ልጅም ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ላይ ሥራ ቆርሳችሁ የሰጣችሁት ሳብ ኮንትራክተር ያሰማራቸው ሰዎችም ከእናንተ ቁጥር ላይ ይደመራሉ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የምትሠሩ ከሆነ ፖሊሲያችሁ (የመድን ውላችሁ) የሚሸፍናቸው ስቴቶች ተዘርዝረው መጻፋቸውን አረጋግጡ።

ሁለተኛ፦ ሂሳቡን ራሳችሁ አስሉት

ደመወዝን ለ100 አካፍሉ፣ በኮዱ ተመን አባዙ (ኮድ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት የተሰጠ ቁጥር ነው፤ የየራሱ ተመን አለው)፣ ከዚያ "ሞድ" በሚባለው ቁጥር አባዙ። ሞድ የድርጅታችሁ የጉዳት ታሪክ ነው፤ መካከለኛው 1.00 ሲሆን ገና ለጀመረ ድርጅት አይወጣለትም። በዚህ ላይ ትንንሽ ቋሚ ክፍያዎች ይጨመራሉ። የመድን ደላላችሁ ይህን በወረቀት ላይ ሊያሳያችሁ ካልፈለገ ሌላ ደላላ ፈልጉ።

ሦስተኛ፦ ኮዱ

ዋናው ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የሚጠቀሙበት የኮድ ዝርዝር ኤንሲሲአይ (NCCI) የሚባለው የሠራተኛ ጉዳት መድን ተቋም ያወጣው ነው። ያለውን ሣር ማጨድና መንከባከብ 9102 ነው። አዲስ መትከልና ግቢ ማስዋብ 0042 ነው። ዛፍ መከርከም 0106 ሲሆን፣ ሰው የሞተር መጋዝ ይዞ ከፍታ ላይ የሚወጣበት ሥራ ስለሆነ ተመኑ ከማጨድ እጅግ ይበልጣል። ቢሮ ቁጭ ብላ ስልክ የምታነሳና ደረሰኝ የምትጽፍ ሠራተኛ ካለች 8810 ትገባለች፤ እሱ በጣም ርካሽ ነው። የድንጋይ ንጣፍ ወይም የበረዶ ጠረጋ ካላችሁ በየትኛው ኮድ እንደሚገባ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ሁለት ወጣት ሠራተኞች ነበሩኝ፤ በአብዛኛው ሣር ያጭዳሉ፣ አልፎ አልፎ ዛፍ ይከረክማሉ። የሁለቱ የዓመት ደመወዝ ተደምሮ 76,000 ዶላር ነበር። ኦዲተሯ "ስንት ሰዓት ዛፍ ላይ ሠሩ?" ስትለኝ "ከአምስት ቀን አንዱን ቢሆን ነው" አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ "የሰዓት መዝገብ አለህ?" አለችኝ። አልነበረኝም። ደንቡ ግምትና ፐርሰንት አይቀበልም። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ለሁለት ኮድ የሚከፋፈለው በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የዋለው ትክክለኛ ሰዓት ሲመዘገብ ነው፤ ካልተመዘገበ ሙሉ ደመወዙ ወደ ውዱ ኮድ ይሄዳል። ተመኑን አጠጋግቼ ልንገራችሁ፦ ማጨድ በ100 ዶላር 4፣ ዛፍ 12 ቢሆን፣ አምስተኛው ቀን ብቻ በዛፍ ቢታሰብልኝ 4,256 ዶላር ነበር የምከፍለው። ሙሉው በዛፍ ሲታሰብ 9,120 ሆነ። ልዩነቱ 4,864 ዶላር ነው፤ አንድ ደብተር ያድነው የነበረ ገንዘብ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተር ግዙ። እኔ በመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጬ፣ እርሳሱን በገመድ ከሽፋኑ ጋር አስሬዋለሁ፤ ገጾቹ በሣር እርጥበት አረንጓዴ ሆነዋል፣ ግን ይነበባሉ። በየቀኑ ስም፣ ቀን፣ የደንበኛው አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይጻፋል። "ማክሰኞ፣ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ማጨድ፣ ከ6 እስከ 8 ዛፍ" ማለት በቂ ነው፤ ኦዲተር ለሚያየው ግን በእንግሊዝኛና በፈረንጅ ሰዓት ይሁን። የስልክ አፕሊኬሽኖችንም ሞክሬአለሁ፤ ልጆቹ ጓንት አውልቀው ስልክ መነካካት ስለሚሰለቻቸው ዓርብ ማታ ከትዝታ ይሞሉታል። ዓርብ ማታ የተሞላ መዝገብ ግምት ነው። ደብተሩ ይሻላል። እሑድ ቁጭ ብላችሁ ሰዓቱን በየኮዱ ወደ ፔይሮሉ አስገቡት።

እግረ መንገዳችሁን ትርፍ ሰዓትንም ለብቻ ጻፉ። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ልጅ ለትርፍ ሰዓት 30 ቢያገኝ፣ ጭማሪዋ 10 ዶላር በብዙ ስቴቶች ከሂሳቡ ትወጣለች። ፔንሲልቬንያ ይህን አትፈቅድም።

አራተኛ፦ ሳብ ኮንትራክተር

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመድን ሰርተፊኬቱን ተቀበሉ፤ ቀኑንም እዩ። ሰርተፊኬት ከሌለው የከፈላችሁት ገንዘብ እንደ እናንተ ደመወዝ ተቆጥሮ ይታሰብባችኋል። በ1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የተከፈለ ገንዘብ በሚመዘገብበት የታክስ ቅጽ) ከፍያለሁ ማለት አያድንም። ሠራተኛን ሆን ብሎ 1099 አድርጎ ማለፍ አቋራጭ የሚመስላቸው አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ልጁ ከመሰላል ቢወድቅ ሆስፒታሉን ማን ሊከፍልለት ነው?

አምስተኛ፦ ጉዳት ሲደርስ

በዚያው ቀን ሪፖርት አድርጉ። አንድ ክረምት አንድ ልጅ ከትሬለሩ መወጣጫ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘ። "ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ልጨርስ" ሲለኝ አመንኩት። በሦስተኛው ቀን ጫማው አልገባ አለው። በጊዜው ሐኪም አይቶት ቀለል ያለ ሥራ ብሰጠው ኖሮ በሕክምና ወጪ ብቻ ያልቅ ነበር። በብዙ ስቴቶች ሕክምና ብቻ የሆነ ጉዳት ሞድ ሲሰላ ከወጪው 30 በመቶው ብቻ ነው የሚያዘው። ልጁ ቤት ተቀምጦ ደመወዝ ማካካሻ መቀበል ሲጀምር ግን ሙሉው ይገባል፤ ሞድ ደግሞ የሦስት ዓመት ታሪክ ስለሚያይ ቶሎ አይለቃችሁም። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ያ ልጅ በእኔ ዝምታ ሁለት ቀን በሕመም መቆሙ ነው።

ስድስተኛ፦ ኦዲት

ደብተሩን፣ የፔይሮል ዝርዝሩን፣ በየሦስት ወሩ የሚሞላውን 941 (የደመወዝ ታክስ ቅጽ)፣ 1099ዎቹንና ሰርተፊኬቶቹን በአንድ ፎልደር አዘጋጁ። ኦዲተሩን እናንተው ራሳችሁ አነጋግሩ፤ ሥራውን የማያውቅ የሂሳብ ሠራተኛ ለሁሉም "ላንድስኬፒንግ" ብሎ ይመልስና ማጨዱ ሁሉ ወደ 0042 ይገባል። ውጤቱ ሲመጣ ከመክፈላችሁ በፊት ኦዲተሩ ሂሳቡን የሠራበትን ወረቀት ጠይቃችሁ እያንዳንዱን ስም ከነኮዱ ከደብተራችሁ ጋር አመሳክሩ። ስህተት ካገኛችሁ የደብተሩን ገጾች ፎቶ አያይዛችሁ በጽሑፍ ተቃወሙ፤ በስልክ የተባለ ነገር መዝገብ ላይ አይቀመጥም።