ቤተሰቡን ባንድ ማድረግ፦ ዊ ሚዩዚክን እንዴት እንጫወታለን?

ብዙዎቹ የሙዚቃ ጌሞች ፈተና ይመስላሉ። ባለቀለም ምልክቶች ከስክሪኑ አናት እየወረዱ ይመጣሉ፤ በሰዓቱ የነካ ነጥብ ይሰበስባል፣ ደጋግሞ የሳተ ዘፈኑ መሀል ላይ ይቋረጥበታል። የስድስት ዓመት ልጅና አያቱ አብረው ሲጫወቱ ታዲያ ከሁለት አንዳቸው ማዘናቸው አይቀርም። ዊ ሚዩዚክ የተለየ ነው። ኒንቴንዶ በ2008 እ.ኤ.አ. ለዊ ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር ለሚያያዘው የጌም ማጫወቻው) ያወጣው ጌም ሲሆን፣ ፕሮዲዩሰሩ የማሪዮ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶ ነው። ባንድ ሆናችሁ ስትጫወቱ ነጥብ የሚሰጥ የለም፤ ተሳሳታችሁ ብሎ የሚያቋርጣችሁም የለም። ሲወጣ "ታዲያ ይሄ ምኑ ጌም ነው?" ያሉት ጥቂት አልነበሩም። እኔ ግን ቤተሰብ አንድ ላይ ሙዚቃ እንዲሠራ ከዚህ የተሻለ ጌም አላየሁም። ጌሙ ስለማይፈርድ መስማት የእናንተ ሥራ ይሆናል። ገዝተውት በሁለተኛው ቀን የሚሰለቹት ይህን ሳያውቁ እጃቸውን ዝም ብለው የሚያወዛውዙት ናቸው። ስለዚህ ከዕቃው ጀምረን እስከ መስማቱ እንሂድ።

መጀመሪያ ዕቃው

ዲስኩ ከዊ ሌላ እሱን በተካው ኮንሶል በዊ ዩም ላይ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሪሞትና ከሪሞቱ ግርጌ የሚሰካ፣ በሌላው እጅ የሚያዝ አንድ ኑንቻክ ያስፈልጋል፤ እስከ አራት ሰው አብሮ መጫወት ይችላል። ያገለገለ ዕቃ የገዛችሁ ከሆነ ሪሞቱ ከኮንሶላችሁ ጋር ላይተዋወቅ ይችላል። የሪሞቱን የባትሪ ክዳን ስትከፍቱ ከባትሪዎቹ አጠገብ ትንሽ ቀይ ቁልፍ ታገኛላችሁ። እሷን ተጫኑና ወዲያው በዊው ፊት ለፊት፣ ከሜሞሪ ካርዱ በር ጀርባ ያለችውን ሌላ ቀይ ቁልፍ ተጫኑ። ሰማያዊዎቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለታቸውን ትተው አንዷ ብቻ በርታ ስትቀር ተገናኝቷል። ስንተኛ ተጫዋች እንደሆናችሁ የምትነግራችሁም ያቺው መብራት ናት።

የእጅ ማሰሪያውን ሁሉም ሰው ያጥልቅ፤ አዋቂም ጭምር። ዘፈኑ ሲሞቅ እጅ ያልባል፣ ሪሞት ያመልጣል። በሁለት ሰዎች መካከል ክንድ ተዘርግቶ የማይነካካበት ቦታ ይኑር። ትንንሽ ልጆችን ከፊት፣ ረጃጅሞቹን ከኋላና ከጎን ብታደርጉ ይመረጣል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚረሳው ነገር ልምጣ፤ የድምፅ መዘግየት። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ጥቂት ያዘገዩታል፤ በብሉቱዝ የሚሠሩ ስፒከሮች ደግሞ ድምፁን የባሰ ያዘገዩታል። ፊልም ስታዩ አይታወቃችሁም፤ ከበሮ ስትመቱ ግን ሁሉንም ነገር ያበላሸዋል። እኛ ቤት የእህቴ ልጅ ምቱን እያዘገየ መስሎን ስንት ቀን "ፍጠን እንጂ!" ስንለው ከርመናል። ልጁ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ የገመድ አልባው ስፒከር ነው። ስፒከሩን ነቅለን በቴሌቪዥኑ በራሱ ድምፅ ስንጫወት የልጁ ምት ቀጥ ብሎ ገጠመ። ስለዚህ የቴሌቪዥናችሁን ሴቲንግ ክፈቱና የጌም ሁነታ የሚባለውን አብሩ፤ ብሉቱዙን አጥፉ። መዘግየት መኖሩን ለማወቅ አንድ ሰው የድራም መሣሪያ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ ይምታ፣ ሌላው ዓይኑን እጁ ላይ ያድርግ። እጁ ከቆመ በኋላ ድምፁ ከመጣ ገና የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው።

ድምፁ እንዴት ይወጣል?

በጌሙ ውስጥ ከ60 በላይ መሣሪያ አለ፤ አያያዙ ግን በጥቂት ዓይነት ይጠቃለላል። እንደ ፒያኖና ድራም ያሉትን ሁለት እጅን ወደ ታች እያፈራረቃችሁ ትመታላችሁ፤ አንዱ እጅ ሪሞት፣ ሌላው ኑንቻክ። እንደ ጊታር ያሉትን ኑንቻኩን እንደ ጊታሩ አንገት ይዛችሁ በሪሞቱ እጅ ክሩን እንደምትመቱ ታደርጋላችሁ። ቫዮሊንና ዘመዶቹን ሪሞቱን እንደ ማሲንቆ መምቻ ደጋን ትስቡታላችሁ። ትራምፔትና ሌሎቹን የሚነፉ መሣሪያዎች ደግሞ ሪሞቱን ወደ አፋችሁ አቅርባችሁ 1 እና 2 የተጻፈባቸውን ቁልፎች በጣት ትጫናላችሁ፤ መንፋት አያስፈልግም። ለጀማሪ ቀላሉ የመጀመሪያው ነው። ለትንንሽ ልጆች የውሻና የድመት ልብስ የሚባሉ "መሣሪያዎች" አሉ፤ ዜማው በጩኸታቸው ይወጣል። ልጅ እነዚህን ካገኘ ለአንድ ሰዓት አይለቅም፤ ይጫወትበት፣ አትከልክሉት።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የትኛው ኖታ እንደሚወጣ የሚመርጠው ጌሙ ነው፤ መቼ እንደሚወጣ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ዜማ የመጫወት ድርሻ ከያዛችሁና በዜማው ምት ላይ ከመታችሁ የምታውቁት ዜማ ይወጣል። በመሀል ተጨማሪ ብትመቱ ከዘፈኑ ጋር የሚሄድ ኖታ ፈልጎ ይሞላላችኋል። እጃችሁን ካቆማችሁ ዝም ይላል። ስለዚህ የተሳሳተ ኖታ የሚባል ነገር አይኖርም፤ የተሳሳተ ሰዓት ግን በደንብ አለ።

የመጀመሪያው ዜማ፣ በሰባት ምት

በቀላሉ ጀምሩ። በጌሙ ውስጥ ካሉት ዜማዎች አንዱ ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁት "ትዊንክል ትዊንክል ሊትል ስታር" ነው። የመጀመሪያው ሐረግ ሰባት ኖታ ብቻ ነው፤ ስድስቱ እኩል፣ ሰባተኛው እጥፍ የሚረዝም። ሪሞት ሳትነኩ መጀመሪያ አብራችሁ አጨብጭቡት፦ ታ ታ ታ ታ፣ ታ ታ ታአአ። ያቺ የመጨረሻዋ ረጅም ኖታ ላይ ልጆች ሁልጊዜ ይቸኩላሉ። እጃቸው ባዶ ቦታ አይወድም፤ ስምንተኛ ጭብጨባ ይጨምራሉ። "እዚህ ላይ እጃችሁን አየር ላይ ያዙት" በሏቸውና ራሳችሁ አንድ ክንድ ወደ ላይ አንስታችሁ አሳዩአቸው። ያ የቆመ ክንድ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል፤ ልጁ ዝምታም እንደሚቆጠር በዓይኑ ያየዋል።

ጭብጨባው ሲገጥም ሪሞት ያዙ። ዘፈኑን፣ ድርሻውንና መሣሪያውን ራሳችሁ የምትመርጡበትን ክፍል ክፈቱ። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉት፤ ጀማሪ ባንድ ሁሉ የሚፈርሰው በፍጥነት ነው።

ለማን የትኛው ድርሻ?

እያንዳንዱ ዘፈን ስድስት ድርሻ አለው፦ ዜማ፣ ከዜማው ጎን የሚሄድ ሃርመኒ፣ ኮርድ (አንድ ላይ የሚጮኹ ኖታዎች)፣ ቤዝ (ከሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ) እና ሁለት የምት መሣሪያዎች። እናንተ ያልያዛችሁትን ድርሻ ጌሙ በራሱ ተጫዋቾች ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ብቻ ብትሆኑም ባንዱ ሙሉ ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ዜማውን መያዝ ይፈልጋል። በእኔ አስተያየት ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወተው ሰው ስጡት፤ ዘፈኑን ስለሚያውቀው እጁ ራሱ ይመራዋል። ከባዱ ድርሻ ቤዝ ነው። ትንሽ ይመታል፣ ግን ከሳተ ሁሉም ይንገዳገዳል። እናቴ በሕይወቷ መሣሪያ ነክታ የማታውቅ ሰው ናት፤ ቤዝ ስንሰጣት ግን የተረጋጋችው እሷ ሆነች። ስትመታ አይታችሁ "አንድ" የሚለው የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ከእጇ ጋር አገጯ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ቦታ አትነካም። እኛ ሁላችን አሁን የምንመለከተው ስክሪኑን ሳይሆን የእሷን አገጭ ነው። በቤታችሁ ትዕግሥተኛው ማን እንደሆነ ካወቃችሁ ቤዛችሁን አገኛችሁ።

ጉልበቱ አልበቃ ያለውን ልጅ ወደ ምት መሣሪያ አምጡት፤ ግን አንድ ሕግ ስጡት፤ ቀጣዩ ክፍል ስለዚሁ ነው።

መቀነስ

ሁሉም ያለ ማቋረጥ ሲመታ የሚሰማው ጫጫታ ነው፤ ጌሙ ኖታውን ቢያስተካክልም ጫጫታው አይስተካከልም። መድኃኒቱ መቀነስ ነው። እስከ አራት እየቆጠራችሁ እንዲህ ሞክሩት፦ ቤዝ "አንድ" ላይ ብቻ ይምታ። የምት መሣሪያ የያዘው "ሁለት" እና "አራት" ላይ ብቻ። ኮርድ የያዘው በአንድ ዙር አንድ ጊዜ መትቶ ይተወው፣ እስኪጠፋ ይጮኽ። ዜማ የያዘው ዜማውን እንዳለ፣ ያለ ጌጥ። በዚህ መልክ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አድርሱት። ክፍት ክፍት ይላል፤ እንዲሆን የሚፈለገውም እንደዚያ ነው። ሁሉም የሌላውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛው ዙር ለአንድ ሰው ብቻ ነፃነት ስጡ። እሱ እንደፈለገ ይጨምር፣ ሌሎቹ በያዙት ይጽኑ። ሐረጉ ሲያልቅ ነፃነቱ ለሚቀጥለው ሰው ይለፍ። ያ ዝም ብሎ መታገሥ የማይችለው የእህቴ ልጅ ተራው እንደሚመጣ ካወቀ በኋላ "ሁለት" እና "አራት" ላይ መጠበቅ ቻለ። ተራው ሲደርስ የሚያደርገው ደግሞ ያስገርማል፤ ሲጠብቅ ከቆየ ልጅ የሚወጣው ምት ዝም ብሎ ሲቀጠቅጥ ከነበረው ፈጽሞ የተለየ ነው።

ይህ ከሠመረላችሁ ምቱን ቀይሩት። አራት መቁጠሩን ትታችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩና ቤዙ አሁንም "አንድ" ላይ ይምታ፤ የለመዳችሁት ዜማ ወደ ዋልዝ፣ በሦስት ምት ወደሚሄደው የዳንስ ስልት ይዞራል። ጌሙ ራሱ ሮክ፣ ማርች፣ ጃዝ፣ ሬጌና ሌሎችንም ስልቶች የሚያስተምርባቸው ትምህርቶች አሉት። አስተማሪው ሰባስቲያን ቱት የሚባል ገጸ ባሕርይ ነው፤ ንግግሩ ይረዝማል፤ ትምህርቶቹን ስትጨርሱ ግን አዳዲስ ዘፈኖች ስለሚከፈቱ አትዝለሏቸው።

ብቻዬን ብሆንስ?

ብቻውን የሚጫወት ሰው አንዱን ድርሻ ቀድቶ በላዩ ሌላውን እየደረበ ስድስቱንም ራሱ መጫወት ይችላል። ቅደም ተከተሉ ላይ ምክሬ ይህ ነው፦ ከምት ጀምሩ፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ከዚያ ኮርድ፤ ዜማውን አራተኛ አድርጉት። ሃርመኒውንና ሁለተኛውን ምት መጨረሻ ላይ፣ ያውም ባዶ ቦታ ካገኛችሁ ብቻ። በዜማ ከጀመራችሁ ዜማው ላይ የሠራችሁትን መዛነፍ አምስቱም ድርሻዎች ሲከተሉት ይውላሉ።

ነጥብ ለሚወዱ

ፉክክር ካልኖረ የማይደሰት ልጅ ካለ ነጥብ የሚሰጡ ሦስት ትንንሽ ጨዋታዎች አሉ። በአንደኛው ሪሞቱን እንደ ኦርኬስትራ መሪ ዘንግ ይዛችሁ ኦርኬስትራውን ትመራላችሁ፤ ስታፈጥኑ ይፈጥናሉ፣ ስታዘግሙ ያዘግማሉ። በሁለተኛው እያንዳንዱ ሰው ሁለት የእጅ ደወል ይይዝና ተራው ሲደርስ ብቻ ያቃጭላል፤ ከሦስቱ ለቤተሰብ የሚሻለው ይህ ነው፤ አንድ ሰው ከዘነጋ ዜማው ይጎድላልና። ሦስተኛው ኖታ በጆሮ የመለየት ጨዋታ ሲሆን ትልልቆቹንም ላብ ያስወጣል።

ድራም በእውነት መማር የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ፣ ጌሙ የዊ ባላንስ ቦርድን (በእግር የሚረገጠውን የዊ ሰሌዳ) እንደ ድራም ፔዳል የሚጠቀምበት የድራም ትምህርት አለው። ሁለት እጅና ሁለት እግር ለየብቻ ማዘዝ ከባድ ነው። በአንድ እግር ብቻ ጀምሩ፣ እጅ ከዚያ ይጨመር።

መቅዳትና ማዳመጥ

የተጫወታችሁትን ጌሙ እንደ ቪዲዮ ያስቀምጥላችኋል፤ የአልበም ሽፋንም ትሠሩለታላችሁ። ሽፋኑን ለትንሹ ልጅ ተዉለት። ቪዲዮውን በኢንተርኔት ወደ ጓደኛ ዊ መላክ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይቻልም፤ ኒንቴንዶ አገልግሎቱን በዚያ ዓመት ዘግቶታል።

የቀዳችሁትን ስትከፍቱ መጀመሪያ ፊታችሁን ከቴሌቪዥኑ አዙራችሁ ስሙት። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳይሆን ከጎኑ የቆመውን ሰው ድርሻ ይከታተልና ሲያልቅ ደስ ያለውን አንድ ቦታ ይንገረው። እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ቀን ልጁ ለአያቱ፣ "እማማ፣ እዚያ ጋ ዝም ስትይ አማረ" አላት። እሷም ሪሞቷን አንስታ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው" አለች።