ጓሳ ለምትመጡ ባለሙያዎች፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

መንዝ ጓሳ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ያለ፣ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው የሣር ሜዳ ነው፤ እዚያ ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ። አዲስ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ ከመኪና ሲወርድ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጫማውን አይቼ እገምታለሁ።

"ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ ልናስጨብጥ መጣን" ማለት

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለማን ነው የምታስጨብጡት? የመንዝ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል (ከፖለቲካው ቄሮ ጋር አይገናኝም)። አፈሮ የሚባል አለቃ መርጠው ሜዳውን ሦስት ዓመት፣ ሲያሻም እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። የሚከፈተው በጋው ሲጠና፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነበር። ያኔ ለጎጆ ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ይታጨድ ነበር፤ ሌላው ግጦሽ ስላለቀም ከብቱ ይገባ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ። ሰዉ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ኮሚቴ አቋቁሞ መጠበቁን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬ እዚያ ያሉት በማን ይመስላችኋል?

አንድ ወጣት "ልቅ ግጦሽ የሚያደርሰው ጉዳት" የሚል ሥዕል ሰቅሎ ሁለት ሰዓት አስተማረ። ከፊቱ የተቀመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ "ልጄ፣ የኔ አባት በዚሁ ጉዳይ ከብቱ ተይዞበት ያውቃል" አሉት። ልጁ ማስታወሻው ላይ "ልቅ ግጦሽ የቆየ ችግር ነው" ብሎ ጻፈ።

"ቀበሮ" ብሎ መጠየቅ

ይህችን እኔም ሠርቻታለሁ። መጠይቄ ላይ "ቀበሮ በግ ይበላባችኋል?" የሚል ነበረ። ሁሉም "ኧረ ፈጀን!" አሉ። ሪፖርቱን ልልክ ስል አንዲት እናት የቀይ ቀበሮውን ፎቶ አይተው ሳቁብኝ፦ "ይቺማ የአይጥ አዳኟ ናት፤ እኛ ያልንህ ያንን ሌባ ነው።" ዝም ብሎ ቀበሮ ሲባል ሌላኛው፣ ግራጫው ነው። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሰው ቀይ ቀበሮ 500 እንኳ አይሞላም፤ እኔ ደግሞ በአንዲት ቃል ጉድለት የበግ ፈጂ ስም ላወጣለት ነበር።

በዓይን ያላዩትን የለም ማለት

ይህ አላስካም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑፒያት ሰዎች ቦውሄድ የሚባለውን ዓሣ ነባሪ እንዳያድኑ ከለከለ፤ የቀረው ከ600 እስከ 2,000 ቢሆን ነው ተብሎ። ቆጣሪዎቹ ከበረዶው ጠርዝ ላይ ሆነው ክፍቱን ውሃ ነበር የሚያዩት። አዳኞቹ "በበረዶው ሥርም ያልፋል፣ በጭንቅላቱ ሰብሮ ይተነፍሳል" አሉ። በኋላ ውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ሲገባ በዓይን ያልታየው ዓሣ ነባሪ ድምፁ ተሰማ። በ2001 የተደረገው ቆጠራ ከ10,000 በላይ ሰጠ። ቁጥሩ በእርግጥም አድጓል፤ የመጀመሪያው ቆጠራ ግን ጎዶሎ ነበር።

በአጨዳ ሰሞን ስብሰባ ጠርቶ "ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው" ብሎ መጻፍ። ተዉ፣ በእግዚአብሔር።

ሽማግሌ ብቻ ማነጋገር። ቀይ ቀበሮን በየቀኑ የሚያየው እረኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ አይጠራም። ማገዶ ለቃሚዎቹ ሴቶችም እንዲሁ።

የድሮውን ሁሉ ማወደስ። ቄሮ የባለርስቱ ነበር፤ ርስት የሌለው አጥሩን ከውጭ ነው ያየው። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ካላገኛችሁ ገና አልጠየቃችሁም ማለት ነው።

መረጃ ወስዶ ውጤቱን አለመመለስ

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጓሳ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲሆን ከአይጥ አደን ሙከራው 67 በመቶው እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሆነ ያሳያል። ውጤቱን ለአንድ እረኛ ነገርኩት። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ትንሽ አሰበና፣

"በከብት መሃልስ ቆጥራችኋል?" አለኝ።