ኡቡንቱ ሲዘመን «ማረጋገጥ አልተሳካም» ካለ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኡቡንቱ በተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ላይ ሶፍትዌር ሲያዘምኑ «ማረጋገጥ አልተሳካም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ወዲያው የይለፍ ቃልዎን ለመቀየር አይሩጡ። ትርጉሙ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ኮምፒውተሩ እርስዎን አላወቀዎትም፣ ወይ ደግሞ የሶፍትዌሩን ላኪ አላወቀውም። ሁለቱን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

የሌለ የይለፍ ቃል መፈለግ። ኡቡንቱ ሲጫን የ«ሩት» መለያ፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው የዋና አስተዳዳሪው መለያ፣ ተቆልፎ ይመጣል። ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመው «ሱዶ» የሚጠይቀው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡበትን የራስዎን የይለፍ ቃል ነው። መለያዎ በ«ሱዶ» ቡድን ውስጥ ከሌለ ግን ትክክለኛው ቃልም አያስገባዎትም፤ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ሰው ሊጨምርዎት ይገባል፣ ከዚያም ወጥተው እንደገና ይግቡ።

ኪቦርዱን በአማርኛ እንዳለ መተው። ደብዳቤ ሲጽፉ ቆይተው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበትን መስኮት) ሲከፍቱ ቃሉ በግዕዝ ፊደል ሊገባ ይችላል። በብዙ ስሪቶች ላይ የይለፍ ቃል ሲተየብ ኮከብ እንኳ ስለማይታይ ስህተቱን በዓይን ማግኘት አይቻልም። ከላይ የሚታየውን የቋንቋ ምልክት አስቀድመው ይመልከቱ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት። ይህን ጉዳይ ብዙ መመሪያዎች አያነሡትም፣ ምክንያቱም የተጻፉት ለሌላ አገር ሰው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን 3፡00 ብለው ካስተካከሉት 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ ዛሬ የወጣው የማከማቻ (ሶፍትዌሩ የሚወርድበት ሰርቨር) ዝርዝር ገና ያልደረሰበት የወደፊት ሰነድ ይመስለዋል፤ «ገና አልጸናም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞሉት ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ይጎድላል፣ የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀትም ተቀባይነት ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሰዓት ክልሉን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብለው ይምረጡና ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ የሚዛባ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ይቀይሯት።

የዋይፋዩን መግቢያ ገጽ መርሳት። በሆቴል ወይም በካፌ ኔትወርኩ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ወይም ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ አፕት (የኡቡንቱ የሶፍትዌር መጫኛና ማዘመኛ መሣሪያ) በላኪው ዲጂታል ፊርማ የተፈረመውን ፋይል ሲጠብቅ የመግቢያው ገጽ ይደርሰዋል። ስለዚህም ፊርማው ልክ አይደለም ይላል። ብሮውዘር ከፍተው ኮዱን ካስገቡ በኋላ እንደገና ያዘምኑ።

የፊርማ ቁጥጥሩን ማጥፋት። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንድ ትእዛዝ ጨምረው «ያልተረጋገጠውንም ጫን» ቢሉት መልእክቱ ይጠፋል፤ አደጋው ግን ያኔ ይጀምራል። የኡቡንቱ ማከማቻዎች ለረጅም ዓመታት ፋይል የሚልኩት ባልተመሰጠረው የኢንተርኔት ማስተላለፊያ ዘዴ በኤችቲቲፒ ነው። በመንገድ ላይ ፋይሉን የነካ ሰው ቢኖር የሚያጋልጠው ፊርማው ብቻ ነው። ፊርማው የሚረጋገጥበት ዲጂታል ቁልፍ ጊዜው ካለፈበት ወይም ከጠፋ፣ አዲሱን ከሶፍትዌሩ አዘጋጅ ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ። ሲያስቀምጡትም ለዚያ ማከማቻ ብቻ እንዲያገለግል አድርገው ያስሩት። «አፕት-ኪ» በተባለው የቀድሞ መሣሪያ የገባ ቁልፍ ግን በኮምፒውተሩ ላይ ላሉት ማከማቻዎች ሁሉ ይታመናል፤ አንዱ አዘጋጅ ቁልፉን ቢሰረቅ ሌባው በኡቡንቱ ስም ጭምር ሊፈርም ይችላል።